ሽንትና ሰገራ ሲያመልጥ፦ ችግርና መፍትሄ

የሕብለ ሰረሰር ማለትም በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ ጉዳት፣ ስትሮክ፣ ፓርኪንሰን ወይም የአከርካሪ ቲቢ ያለበት ሰው ሽንት ወይም ሰገራ ሲያመልጠው ቤተሰብ ቶሎ የሚገዛው ዳይፐር ነው። ከዚያ በፊት ግን መለየት ያለበት ነገር አለ፤ የሚያመልጠው መያዝ አቅቶት ነው ወይስ ሞልቶ ተርፎ?

ሽንት ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል

ብዙ ጊዜ የሽንት ፊኛው ባለመኮማተሩ ወይም መውጫው ባለመከፈቱ ይሞላና ትርፉ ይፈስሳል። ከሸና በኋላ የቀረውን በአልትራሳውንድ ወይም ሽንት በሚያወጣው ቀጭን ቱቦ፣ በካቴተር፣ ማስለካት ነው። ብዙ ከቀረ መፍትሄው ገብቶ የሚወጣ ካቴተር በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መጠቀም ነው፤ አጠቃቀሙን ነርስ ታሳያለች። በአንዴ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ ሰዓቱን አቀራርቡ። ማለስለሻው በውኃ የሚሟሟ ጄል ይሁን፣ ቫዝሊን አይሁን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የእጅና የገላ መታጠቢያውን ውኃ ክዳን ባለው ጀሪካን ለዩት። ሽንት ቤት ለመቀነስ ብሎ ውኃ አለመጠጣት ኢንፌክሽንና ድርቀት ይጠራል፤ ሐኪም ካልከለከለ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ይጠጣ።

ሳይደርስ ያመልጠዋል

የሚቀር ሽንት ከሌለ ፊኛው ያለጊዜው እየተኮማተረ ነው። ሳይመጣ በየ2 ሰዓቱ ማሸናት፣ ቡናውንም አቦል ላይ ማቆም ይረዳል። ፊኛ የሚያረጋጉ ክኒኖች ሆድ ያደርቃሉ፣ አረጋውያንን ያደናግራሉ።

በቋሚ ካቴተር ዙሪያ ይፈስሳል

ወፍራም ቱቦ ማስገባት አይፈታውም። ከከረጢቱ ተነስታችሁ ወደ ገላው ተከተሉ፦ ቱቦው ታጥፏል? ከረጢቱ ከፊኛው በላይ ተሰቅሏል? በአተላ ተዘግቷል? ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ አንጀቱን ጠርጥሩ፤ የደረቀ ሰገራ ፊኛውን ይጫናል። ቱቦውን ፊኛ ውስጥ የሚይዘው ኳስ ውኃው ሳይወጣለት ቱቦው ፈጽሞ አይጎተት። ሽንቱ ስለደፈረሰ ወይም ስለሸተተ ብቻ አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የጎን ሕመም ካለ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለቀናት ደርቆ ቆይቶ እንደ ውኃ ያመልጣል

ይህን ተቅማጥ ብሎ ተቅማጥ ማቆሚያውን ሎፔራማይድ መስጠት የባሰ ያደርገዋል፤ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ የሚያልፍ ፈሳሽ ነው። በጓንትና በጄል በጣት ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ካልተቻለ ጤና ጣቢያ። ተልባ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ብዙ ውኃ ከተጠጣ።

ቀጥሎ ልማድ ይያዝ፦ ከቁርስ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት። ጉዳቱ ከላይኛው ሕብለ ሰረሰር ከሆነ ጣትን በፊንጢጣ ውስጥ ለ15 እስከ 20 ሰከንድ በዝግታ ማዞር አንጀቱን ይቀሰቅሳል፤ በፊንጢጣ የሚገባው ሰገራ የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ቢሳኮዲልም ይረዳል። ታችኛው ከተጎዳ አንጀቱ ስለማይመልስ በየቀኑ በጣት ማውጣት ይጠይቃል። መቀመጥ የማይችል በግራ ጎኑ ይተኛ። የጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ መሐሉ የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ይሠራል፤ ጠርዙ በስፖንጅ ካልተሸፈነ ግን የማይሰማውን ቆዳ ያቆስላል።

ጊዜ የማይሰጥ ሁኔታ

ጉዳቱ በደረት ስድስተኛው አከርካሪ አጥንት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድንገት ራሱን ከወቀረውና ፊቱ ካላበው የደም ግፊቱ እየዘለለ ነው። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ፊኛውን አራግፉ፣ የቱቦውን እጥፋት ፈልጉ፤ ካልበረደ ወዲያው ሆስፒታል። ሌላው ሰው ደግሞ መቀመጫው አካባቢ በድንገት ደንዝዞ ሽንት እምቢ ካለው ለነገ አያድር።