ሁለት ፍየል 65006500 ብር ሲል

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የጀመረ ተማሪ ሁሉ ቶሎ ሒሳብ ማሠራት ያምረዋል። የባቲን የሰኞ ገበያ እንውሰድ። ፕሮግራማችን የአንድ ፍየል ዋጋ ይጠይቅና በ2 ያባዛል።

ምልክቱ፦ 6500 ስናስገባ 65006500 ይላል። ባቲ ወርዶ ይህን የሚከፍል የለም።

ምክንያቱ፦ ከተጠቃሚው የሚቀበለው ትእዛዝ፣ ኢንፑት (input)፣ ምንጊዜም የሚሰጠን ጽሑፍ ነው። ቁጥር ብንነካም ለፓይተን የተደረደሩ አራት ምልክቶች ናቸው። ጽሑፍ በ2 ሲባዛ ደግሞ ሁለቴ ይጻፋል። ስህተት አለ አይልም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። 500 ብትደምሩበት ግን ታይፕ ኤረር (የዓይነት ስህተት) ብሎ ይቆማል፤ ይሄኛው ይሻላል፣ ቢያንስ ይናገራል። ስታወዳድሩም ያው ነው፦ 900 ከ6500 ይበልጣል ይላችኋል፤ የሚያየው መጀመሪያ 9ን እና 6ን ነዋ!

መፍትሄው፦ ገና ሲገባ፣ ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር በሚለውጠው ኢንት (int) ቀይሩት።

ዋጋ = ኢንት(ኢንፑት("ዋጋ፦ "))

ትእዛዞቹን በላቲን ፊደል ጻፉ። «ዋጋ» የሚለውን ስም ግን ፓይተን 3 በአማርኛም ይቀበላል።

አሁን ቫልዩ ኤረር (የገባው ወደ ቁጥር አይለወጥም የሚል ስህተት) ከመጣ የገባውን ነገር ጠርጥሩ። የመልእክቱን መጨረሻ አንብቡ፤ የተጻፈውን በጥቅስ ያሳያችኋል። 6,500 ከሆነ ጣጣው ኮማው ነው፤ ምልክትን በሌላ በሚተካው ሪፕሌስ (replace) አጥፉት። ለማር ኪሎ 2.5 ከተጻፈ ኢንት ነጥብ አይወድም፣ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚቀበለውን ፍሎት (float) ተጠቀሙ። ጥቅሱ ባዶ ከሆነ ሰውየው ኢንተር ብቻ ነክቶ ነው። ከፊትና ከኋላ ያለ ክፍት ቦታ ግን አያስቸግርም።

የኛ አገር የብቻው ጣጣ የግእዝ ቁጥር ነው። በአማርኛ ኪቦርድ «፭» ከገባ ኢንት አይቀበለውም። የሚገርመው፣ አሃዝ መሆኑን በሚፈትሸው ኢዝዲጂት (isdigit) ብትፈትሹት አሃዝ ነው ይላችኋል! አምናችሁ ኢንት ስትሉት ፕሮግራሙ ይወድቃል። መፈተሽ ካማራችሁ ኢዝዴሲማል (isdecimal) ይሻላል፤ እሱ «፭»ን አያሳልፍም። እኔ ግን ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ የሚይዙትን ትራይና ኤክሴፕትን (try, except) እመርጣለሁ። ኢንቱን ትራይ ውስጥ አስገቡት፤ ቫልዩ ኤረር ሲመጣ «እባክዎ በቁጥር ያስገቡ» ብሎ እንደገና ይጠይቅ።

በኢንት ፈንታ ኢቫል (eval) ያቀላጥፋል የሚላችሁ አይጠፋም። እሺ እንዳትሉ። ኢቫል የተጻፈለትን ሁሉ እንደ ኮድ ያስኬዳል፤ ተጠቃሚው ዋጋ በማስገባት ፈንታ ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝ ቢጽፍ ያንንም ይፈጽማል።