ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሻገሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያላቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ግን ገና ጤነኞች ናቸው፤ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራው ነፃ ሥርዓት ሊኑክስ ተጭኖባቸው ለዓመታት ሊያገለግሉ ይችላሉ። ሽግግሩን የሚያበላሹት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚፈጸሙት ጭነቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ለእኛ ከሁሉ የከፋው የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችን ሳይፈትሹ ዊንዶውስን ማጥፋት ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሥርዓት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የቆዩ ፎንቶች የተተየበው ጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው በላቲን ፊደላት ኮድ ነበር። አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ ካለ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብም ሆነ የመመረቂያ ጽሑፉ የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ፎንቱን ወደ ሊኑክስ መገልበጥ ለማንበብ ይረዳል፤ ለማረምና ቃል ለመፈለግ ግን አይበቃም። ስለዚህ ዊንዶውሱ እያለ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩ፤ ጊዜ ካጠረዎት ቢያንስ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። አዲስ ለመጻፍ ሥጋት አይግባዎት፤ አማርኛ መተየቢያው ኪይማን ሊኑክስ ላይ ይሠራል፣ አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉት ፎንቶችም በነፃ ይገኛሉ።

ሁለተኛው ስህተት ‘ሰነዶቼ ዲ ላይ ስለሆኑ አይነኩም’ ብሎ መተማመን ነው። ሲ እና ዲ ብዙ ጊዜ የአንድ ዲስክ ክፍልፋዮች ናቸው። ሲጭኑ ‘ዲስኩን አጥፋ’ የሚለውን ከመረጡ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። የልጆችዎን ፎቶግራፍ በውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከገለበጡ በኋላም በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ያረጋግጡ።

ሳይሞክሩ መጫንም አያስፈልግም። ከሊኑክስ ዓይነቶች ሊኑክስ ሚንትም ሆነ ኡቡንቱ ምንም ሳይጫን ከፍላሽ ተነስቶ ይሠራል። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን በዚያው ይፈትሹ። ፍጥነቱን ግን በዚህ አይለኩት፤ ፍላሽ በራሱ ቀርፋፋ ነው። አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ስልክዎን በኬብል አገናኝተው ኢንተርኔቱን በማጋራት ማውረድ ይቻላል።

ለዊንዶውስ በተሠራው ፒችትሪ የድርጅት ሒሳብ የሚይዝ ሰው ዊንዶውስን ጨርሶ ባይለቅ ይሻላል። ዋይን የተባለው ፕሮግራም አንዳንድ የዊንዶውስ ሶፍትዌሮችን ሊኑክስ ላይ ያሠራል፤ የሰው ገንዘብ የሚቆጠርበትን መዝገብ ግን ለሙከራ አላቀርብም። እንዲህ ላለው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይበጃል። ከመጫንዎ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን የፈጣን ማስነሻ ቅንብር ያጥፉ፤ አለዚያ ሊኑክስ የዊንዶውሱ ክፍልፋይ ላይ መጻፍ ሊከለከል ይችላል። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ከበራ ደግሞ ባለ 48 አኃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከጭነቱ በኋላ የዊንዶውሱ ሰዓት ኢትዮጵያ ውስጥ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቢቀር ባትሪ ለመቀየር አይቸኩሉ፤ ሁለቱ ሥርዓቶች የማሽኑን ሰዓት የሚያነቡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው፣ በቅንብር ይስተካከላል።

ፕሮግራም ሲፈልጉም እንደ ዊንዶውስ ዘመን ካገኙት ድረ ገጽ አያውርዱ፤ መጀመሪያ የሥርዓቱን የሶፍትዌር ማዕከል ይመልከቱ። በሱዶ (sudo) የሚጀምር ትእዛዝ ማሽኑን እንዳሻው የማዘዝ ሥልጣን አለው፤ ምን እንደሚሠራ ሳይረዱ ገልብጠው አያስኬዱት።