የሐረጎን ኩርባዎች በሞተር ሳይክል በደህና ለማለፍ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሞተር ሳይክል የሚወርድ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚህ ሁሉ ደግሞ አሽከርካሪን ይበልጥ የሚፈትነው የሐረጎ ተከታታይ ኩርባ ነው። ብዙዎች ኩርባን በጥሩ ሁኔታ ማለፍ የድፍረት ጉዳይ አድርገው ያዩታል። በእኔ እምነት ግን ነገሩ የሚወሰነው ከኩርባው በፊት ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነው።

ፍጥነትዎን መቀነስ ያለብዎት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ጎማ መሬትን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው፤ ፍሬን በሚይዙበት ጊዜም ሆነ በሚታጠፉበት ጊዜ የሚጠቀሙት ይህንኑ አቅም ስለሆነ፣ ሞተሩ ተጋድሞ እያለ በድንገት ፍሬን የሚይዝ ሰው ለመታጠፊያ የሚሆነውን ያጣል። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ያው ኩርባ ከጎማው የሚፈልገው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ እንደሚሆንም አይዘንጉ። የማቆሙን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ ስለዚህ በድንገት ከመጭመቅ ይልቅ ቀስ በቀስ እያጠበቁ ይያዙት። ማርሹንም ኩርባው ሳይጀምር ይቀንሱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው፤ ሞተሩ በማርሽ ካልተያዘ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬንም ሲግል ይደክማል።

ከሁሉ በላይ ግን ዓይን ነው። በአንድ የነሐሴ ማለዳ ጉም ወርዶ ሳለ ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ ዘግይቼ አየሁና ዓይኔ በመንገዱ ጠርዝ ባለ አንድ ነጭ ድንጋይ ላይ ተተከለ። ሞተሩም በቀጥታ ወደዚያው ድንጋይ ሄደ። የፊት ጎማዬ ከአስፋልቱ ወጥቶ በእርጥብ ጠጠር ላይ እየተንሸራተተ፣ ከድንጋዩ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። መንገዱ ለመታጠፍ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን አላየሁትም ነበር። ሰው በሞተር ላይ ሲሆን ወደሚያየው ነገር ይሄዳል፤ ስለዚህ አገጭዎን ጭምር አዙረው ኩርባው ወደሚያበቃበት አቅጣጫ ይመልከቱ።

ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ በላይ ሲሆን ሞተር የሚታጠፈው በመጋደም ነው። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ለስለስ አድርገው ወደ ፊት ይግፉት፤ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይጋደማል። ለሰሚው ግራ ቢያጋባም አንድ ጊዜ በእጅ ከተሰማ አይረሳም። ከተጋደሙ በኋላ ነዳጁን ሳያቋርጡ በጥቂቱ ይስጡ፤ መውጫው በግልጽ ሲታይ ብቻ ይጨምሩ።

መስመር አመራረጥን በተመለከተ፣ ሰፊ እይታ ለማግኘት ወደ ኩርባው ውጫዊ ጎን ጠጋ ብሎ መግባት የተለመደ ምክር ነው። በእኛ ተራራማ መንገድ ግን ኩርባ ቆርጦ የሚመጣ ኤፍ ኤስ አር ወይም ተሳቢ መኪና ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ወደ ቀኝ በሚታጠፉበት ጊዜ መሐል መስመሩን አይጠጉ። ወደ ግራ ሲታጠፉም ጎማዎ በራስዎ መስመር ውስጥ ቢሆን እንኳ ጭንቅላትዎና ትከሻዎ መስመሩን ሊሻገሩ እንደሚችሉ ያስቡ። በክረምት ከገደሉ ላይ የሚንሸራተት አፈርና ጠጠር፣ እንዲሁም ከበጋ በኋላ በመጀመሪያው ዝናብ የሚንሳፈፍ ዘይት አስፋልቱን ያሟልጩታል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ፍጥነትን ከመቀነስ በቀር ብልሃት የለም።

ልምምዱን ሜዳ ላይ ይጀምሩ። ባዶ ሃይላንዶችን በ15 እርምጃ ርቀት ደርድረው በመካከላቸው በዝግታ ይመላለሱ፣ ዓይንዎም ሁልጊዜ ከፊትዎ ካለው ቀጥሎ ባለው ሃይላንድ ላይ ይሁን። ወደ ሐረጎ ሲሄዱ መጀመሪያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ይውጡ፤ ዳገቱ ራሱ ፍጥነትዎን ስለሚይዝልዎ መውጣቱ ከመውረዱ ይቀላል። ሰው ከኋላ የሚጭኑ ከሆነም ከመነሳትዎ በፊት፣ በሚታጠፉበት ጎን በትከሻዎ በላይ እንዲመለከትና ከእርስዎ ጋር አብሮ እንዲያዘነብል ይንገሩት።