በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራ የዌብ መተግበሪያን ማዘመን

መተግበሪያው በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ሲሠራ፣ ማሻሻያ መጫን ፋይሎችን ከመቅዳትና አገልግሎቱን እንደገና ከማስነሳት ብዙም አያልፍም። ሰርቨሮቹ ሲበዙ ግን ኮዱ በሁሉም ላይ በአንድ ቅጽበት ስለማይለወጥ፣ አሮጌውና አዲሱ ስሪት ጎን ለጎን ሆነው ተጠቃሚዎችን የሚያስተናግዱበት ጊዜ፣ አጭርም ቢሆን፣ መኖሩ አይቀርም። ፋይሎቹን ማድረስ ቀላሉ ሥራ ነው፤ ከባዱ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዱ ስሪት የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ ማድረግ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከዳታቤዙ ይጀመር። የአንድን ዓምድ ስም መቀየር ቢያስፈልግ፣ በቀጥታ መቀየሩ አሮጌውን ኮድ የሚያሄዱትን ሰርቨሮች ሁሉ ወዲያውኑ ስህተት ላይ ይጥላቸዋል። ይልቁንስ ለውጡ በተከታታይ ማሻሻያዎች ይከፋፈል። በመጀመሪያ አዲሱ ዓምድ ባዶ መሆን እንዲችል ተደርጎ ከአሮጌው ጎን ይጨመራል፤ ቀጥሎ በሁለቱም ላይ የሚጽፍ፣ ከአሮጌው ግን የሚያነብ ኮድ ይጫናል፤ ይህ ኮድ በሁሉም ሰርቨሮች ላይ ከገባ በኋላ የቀደሙት መረጃዎች ወደ አዲሱ ዓምድ ይገለበጣሉ፤ ከዚያም ንባቡ ወደ አዲሱ ይዞራል። አሮጌው ዓምድ የሚሰረዘው የሚያነበውም ሆነ የሚጽፍበት ኮድ እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። አሠራሩ አሰልቺ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን እስከ ስረዛው ድረስ በየደረጃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ያስችላል። የለውጡ ትእዛዝም ከአንድ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጥ፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ሲነሳ በራሱ እንዲያስፈጽመው ከተተወ፣ ሁለት ሰርቨሮች እኩል ሊጀምሩት ይችላሉ።

ኮዱ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ በስሪት ቁጥር ይታሸግ፤ ወደ ሁሉም ሰርቨሮች የሚላከውም ያው ጥቅል ይሁን። በየሰርቨሩ ኮዱን ከጊት (የኮድ ስሪቶችን ከሚያስቀምጠው መሣሪያ) መሳብና ላይብረሪዎችን መጫን የሚያጓጓ አቋራጭ ቢሆንም፣ የላይብረሪዎቹ ስሪት በትክክል ካልተወሰነ ተመሳሳይ ናቸው የተባሉት ሰርቨሮች ሳይታወቅ ይለያያሉ። ጥቅሉ በየሰርቨሩ በራሱ ፎልደር ውስጥ ይከፈታል፤ መተግበሪያው የሚነሳው ግን ወደ ተመረጠው ፎልደር በሚያመለክት ሲምቦሊክ ሊንክ በኩል ነው። ሊንኩን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር በመካከሉ ክፍተት ይተዋል፤ በሊኑክስ ላይ አዲሱን ሊንክ በጊዜያዊ ስም ፈጥሮ በአሮጌው ስም መተካት ግን ያለ ክፍተት ይፈጸማል።

የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ፋይሎች ስም ከይዘታቸው የሚሰላ ሐሽ (ይዘቱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ አጭር መለያ) ይያዝ፤ የአዲሱ ስሪት ፋይሎችም ኮዱ ከመቀየሩ በፊት በሁሉም ሰርቨሮች ላይ ይገኙ፤ ምክንያቱም ገጹን ከታደሰው ሰርቨር ያገኘ ብራውዘር ፋይሎቹን ገና ካልታደሰው ሊጠይቅ ይችላል። ሴሽን፣ ማለትም ማን እንደገባ የሚያስታውሰው መረጃ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ሳይሆን ሁሉም በሚያገኙት እንደ ሬዲስ ባለ የጋራ ማከማቻ ይቀመጥ፤ አለዚያ ሰርቨሩ ሲወጣ ተጠቃሚው ሴሽኑን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ሰርቨሮቹ በተራ ይታደሳሉ። አንዱ ጥያቄዎችን ለሰርቨሮቹ ከሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር ይወጣል፤ የጀመራቸውን ጥያቄዎች እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ሊንኩ ይቀየራል፤ አገልግሎቱ እንደገና ይነሳል፤ ከተፈተሸ በኋላም ወደ ቦታው ይመለሳል። ፍተሻው እንደ መግቢያ ገጹ ያለ እውነተኛ ሥራ የሚሠራ ገጽ ይጠይቅ፤ ቋሚ ጽሑፍ መልሶ 200 («ተሳክቷል») የሚል ኮድ የሚሰጥ ገጽ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ሰርቨር ከተመለሰ በኋላ የስህተት መዝገቡን ለተወሰነ ጊዜ ሳይመለከቱ ወደ ሁለተኛው መሻገር አይገባም። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ሥራን በራስ-ሰር የሚያስፈጽመውን አንሲብል የሚጠቀም ሰው በአንድ ጊዜ የሚታደሱትን ሰርቨሮች ብዛት በሲሪያል (serial) ቅንብር መወሰን ይችላል፤ ቁጥሩ የቀሩት ሰርቨሮች ሙሉውን ጭነት መሸከም እንዲችሉ ተደርጎ ይመረጥ።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰርቨር የሚያሄደውን ስሪት ቁጥር ጠይቆ ማወዳደር ያስፈልጋል። ይህ ትርፍ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ የናይት ካፒታልን ታሪክ ይመልከት። የዚህ የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ድርጅት አዲስ ኮድ ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ብቻ ተጭኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት፣ በአዲሱ ኮድ ለሌላ ተግባር የዋለ ማብሪያ (አንድን የኮድ ክፍል የሚያስነሳ ምልክት) በ8ኛው ሰርቨር ላይ ከዓመታት በፊት የተተወ ተግባር ቀሰቀሰ። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ በተላኩት የግዢና የሽያጭ ትእዛዞች ሳቢያ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ይበልጥ የሚያስተምረው የማዳን ሙከራው ነው፤ ባለሙያዎቹ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተጫነባቸው 7 ሰርቨሮች አነሡት፤ ያው የተተወ ተግባር በእነርሱም ላይ ስለተቀሰቀሰ ችግሩ ተባባሰ። ስለዚህ ስህተቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ከታየ ያ ሰርቨር ብቻ ከሎድ ባላንሰሩ ይውጣ፤ ሁሉንም ወደ ቀድሞው ስሪት ለመመለስ ከመወሰኑ በፊት ደግሞ አዲሱ ስሪት የጻፈውን መረጃ አሮጌው ማንበብ እንደሚችል ይረጋገጥ።