በጎንደር ገጠር ወጪው ቀለል ያለ ሠርግ ለምታስቡ

በጎንደር ዙሪያ ገጠር ለመደገስ የምታስቡ ሙሽሮች ከሁሉ አስቀድማችሁ ስለ ቀኑ ተማከሩ፤ ገንዘቡ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው። ጥር 11 ቀን በሚከበረው የጥምቀት በዓል ሰሞን እንግዳ ወደ ዐፄ ፋሲል መዋኛ ስለሚጎርፍ የመኪናና የአልጋ ዋጋ ይንራል፤ ስለዚህ ጥቂት ቀናት ማሳለፍ ይበጃል። ሆኖም ጾመ ነነዌ አንዳንድ ዓመት ጥር 17 ቀን ሊገባ ስለሚችል፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የደብሩን ካህን ጠይቁ።

ድንኳን ከከተማ ተከራይቶ በአይሱዙ ከማስጫን ይልቅ፣ የሰፈሩ ጎረምሶች የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክለው በቅጠል የሚያለብሱት ዳስ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ቀትር ላይ ቀዝቃዛ ነው፤ እንጨቱም በኋላ ለአጥር ይሆናል። ወንበር፣ ብረት ድስትና ሳህን ከእድር ስትወስዱ ቁጥሩን በደብተር መዝግቡ። እኔ ይህን ባለማድረጌ የ11 ብርጭቆ ዕዳ ከፍያለሁ።

ጠላውን ግን አትግዙ። ጌሾውና ብቅሉ ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ፣ የሙሽራዋ እናትና የሙሽራው አክስት በወይራ ጭስ በታጠነ አንድ ጋን አብረው ቢጠነስሱት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ከሠርጉ ቀን በፊት ይላመዳሉ።

ለጨዋታው ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም፤ ማሲንቆ የያዘ አንድ አዝማሪ ሙሽሮቹ የት እንደተገናኙና አማቾቹ ማን እንደሚባሉ አስቀድሞ ቢነገረው፣ ለእነርሱ ብቻ የሆነ ግጥም ይደረድራል፤ ሽልማቱም በአብዛኛው ከእንግዳው ኪስ ይወጣል።