መቁጠሪያ በቤት፦ ከአንድ ምስጢር መጀመር

ብዙ የካቶሊክ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ትምህርተ ክርስቶስ ለቁምስናው፣ ማለትም ለአጥቢያቸው ቤተክርስቲያን፣ ትተውታል። ልጁ እሑድ ሄዶ ይማራል፣ ለቅዱስ ቁርባን ይበቃል፣ ከዚያ በቃ። የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተክርስቲያን ብሎታል። ለልጆች እምነትን መጀመሪያ የሚሰብኩትም ወላጆች ናቸው ይላል። ቤት ውስጥ ለመጀመር መቁጠሪያን፣ ማለትም ዶቃ እየቆጠሩ ከማርያም ጋር የሚጸለየውን ጸሎት፣ የሚያህል ቀላል ነገር የለም።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ወስኑ። ከእራት በኋላ፣ ሳህን ሳይነሳ፣ ቲቪ ሳይከፈት ቢሆን ይሻላል። «ሲመቸን» ካላችሁ አይመቻችሁም።

ከዚያ አሳጥሩት። ሙሉው መቁጠሪያ 5 ምስጢራት፣ ማለትም እየጸለዩ የሚያሰላስሏቸው የኢየሱስና የማርያም ሕይወት ክፍሎች፣ አሉት፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የ6 ዓመት ልጅ ያን ያህል አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም እየተቁነጠነጠ ነው። ስለዚህ አንድ ምስጢር ብቻ ውሰዱ፦ አንድ «አባታችን ሆይ»፣ 10 ጊዜ «ጸጋን የሞላሽ ማርያም ሆይ»፣ በመጨረሻ «ክብር ለአብ»። አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ምስጢሩን የሚመርጠው ቀኑ ነው። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር ነው። ሐሙስ ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2002 እ.ኤ.አ. የጨመሩት የብርሃን ምስጢር ይጸለያል። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ዋናው ሥራ ከጸሎቱ በፊት ያለው ንባብ ነው። ሰኞ ከደስታ ምስጢራት የመልአኩን ብሥራት ከመረጣችሁ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ክፈቱና ከቁጥር 26 እስከ 38 አንድ ሰው ያንብብ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ማርያም ለምን የፈራች ይመስላችኋል?» መልሱን ለልጆቹ ተዉት። እዚህ ላይ ስብከት የጀመረ አባት ነገሩን ያበላሸዋል፤ የቀኑን ጥፋት እያነሳ የሚገስጽማ ጭራሽ። ልጁ የማትመልሱት ጥያቄ ካመጣ ጻፉትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ራሱ ይጠይቃቸው። ከሐዘን ምስጢራት መስቀል የመሸከም ምስጢር ሲደርስ የጎጃሙን ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ንገሯቸው። በእምነቱ ምክንያት ታስሮ በ1855 እ.ኤ.አ. እስር ላይ እንዳለ ነው ያረፈው። ልጆች የአገራቸውን ሰው ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል።

መቁጠሪያውን ልጅ ይያዝ፤ መሪውም እሱ ይሁን። ቢሳሳትና 11 ቢቆጥር ምንም አይደል። በየተራ ምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው የሚጸልይለትን ሰው ስም ይጥራ፦ የታመመ ጎረቤት፣ ፈተና ያለባት እህት። ቤሩት ወይም ዱባይ ያለች አክስት ካለች ስልኩን ላውድ ላይ አድርጉና አብራችሁ ትጸልይ።

አያት ኦርቶዶክስ ከሆኑ፣ ብዙ ቤት እንዲህ ነውና፣ አታስገድዷቸው፤ ገለልም አታድርጓቸው። «አባታችን ሆይ»ን አብረው ይላሉ። የገብርኤልን ሰላምታም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። እንዲያውም «እማማ፣ እርስዎ ይጀምሩልን» ማለት ደስ ያሰኛቸዋል።

አንድ ምሽት ካመለጣችሁ በማግስቱ ሁለት ምስጢር አትጸልዩ፤ ልጆቹ እንደ ቅጣት ያዩታል። የቀኑን ብቻ ጸልዩ። ወደ አምስቱ ምስጢራት ማደግ ያለባችሁ ልጆቹ ራሳቸው «አንድ እንጨምር» ሲሉ ነው፤ የመቁጠሪያ ወር የሆነው ኦክቶበር ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።