ቬኑስ፣ ዝሁራ፣ አጥቢያ ኮከብ፦ በስሟ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

በጎጃም የተማሪ ደብተር ላይ ቬኑስ ትባላለች፣ በደብተራው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ዝሁራ፣ ማልዶ ጥማድ በሚያወጣው ገበሬ አፍ አጥቢያ ኮከብ። ሦስቱም አንዷን ፕላኔት ነው የሚጠሩት።

የመጀመሪያው ስህተት ስሞቹን በአንድ ዝርዝር መደባለቅ ነው። «ማርስ፣ መሪህ፣ ቬኑስ፣ ዝሁራ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱን ፕላኔት አራት አድርጓል። አጣርድ ሜርኩሪ ነው፣ መሪህ ማርስ፣ መሽተሪ ጁፒተር፣ ዙሐል ሳተርን። እነዚህ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ለዩራነስና ለኔፕቲዩን በዚያ መጽሐፍ አቻ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ የተገኙት በቴሌስኮፕ ዘመን፣ በ1781 እና በ1846 እ.ኤ.አ. ነውና።

«የግሪክ አምላክ ስም ነው» ማለትም ይዘወተራል። ቬኑስ የሮማውያን የፍቅርና የውበት አምላክ ናት፤ የግሪኳ አፍሮዳይት ትባላለች። ከፕላኔቶቹ መካከል የግሪክ አምላክ ስም የያዘው ዩራነስ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የጧቷንና የምሽቷን ሁለት ኮከብ አድርጎ መቁጠር ነው። የጥንት ግሪኮችም አንዷን ፎስፎሮስ፣ ሌላዋን ሄስፔሮስ ይሉ ነበርና ስህተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ቬኑስ ከመሬት ይልቅ ለፀሐይ ስለምትቀርብ፣ ሰማይ ላይ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ ብዙም አትርቅም። ወይ ቀድማት ትወጣለች፣ ወይ ተከትላት ትጠልቃለች፤ ልዩነቱ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አናት ላይ የሚያበራው ቬኑስ ሊሆን አይችልም። ጁፒተርን ወይም ሲሪየስ የተባለውን ኮከብ ይጠርጥሩ። «በየመስከረሙ ደመናው ከጮቄ ተራራ ሲገፈፍ ንጋት ላይ ትታያለች» የሚለውም አይሠራም፤ ንጋት ላይ ብቅ ካለች በኋላ ዳግም ንጋት ላይ ብቅ እስክትል ያለው ዑደቷ 584 ቀን ያህል ስለሆነ ወሩ ይለዋወጣል። ወደ ተመሳሳዩ ወር የምትመለሰው በስምንት ዓመት ነው።

ኢሳይያስ 14፥12 ላይ የወደቀው «አጥቢያ ኮከብ» ተብሏልና ኮከቧን ራሷን የሰይጣን አድርገው የሚያስተምሩ አሉ። ራእይ 22፥16 ላይ ግን ክርስቶስ ራሱን የንጋት ኮከብ ይላል። ምሳሌው የተወሰደው ከድምቀቷ ነው።

ከስሟ ተነሥቶ ጠባይዋን መገመትም አያዋጣም። በፍቅር አምላክ ስም ብትጠራም ገጿ ላይ ሙቀቱ 465 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው፣ እርሳስ ያቀልጣል፤ የአየሩ ግፊት ከመሬት በባሕር ወለል ላይ ካለው 90 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ምክንያቱ ወፍራሙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ነው።

አጻጻፍን በተመለከተ ቬኑስም ቬነስም ይታያል። የላቲኑን ድምፅ የሚከተለው ቬኑስ ነው። የመረጡትን እስከ መጨረሻው ይያዙ፤ በአንድ ገጽ ሁለቱንም ያየ ተማሪ ሌላ ፕላኔት ይመስለዋል።